ሽማግሌ ያሮጠ ቱታ

እኔ ምክር የማይገባኝ ሰው ነኝ። እናቴ መክራኝ፣ ሐኪም መክሮኝ፣ አለቃዬ ስንት ጊዜ ቢሮው ጠርቶ መክሮኝ አልሰማሁም። ፎቶ ከመከረኝ ግን አለቀልኝ። አንድ ታዋቂ ሰው አንድ ዕቃ ይዞ ፈገግ ካለ፣ ያንን ዕቃ ሳልገዛ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። አንዲት ዘፋኝ በቴሌቪዥን ፀጉሯን እያዘናፈለች ስላሞገሰችው ብቻ የገዛሁት የፀጉር ቅባት እስካሁን ቤቴ አለ። መላጣ መሆኔ ትዝ ያለኝ ቅባቱን መዳፌ ላይ ካፈሰስኩት በኋላ ነው። ምን ላድርገው፣ ጉልበቴን አሸሁበት።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሐዋሳ አምጡትና አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ሙስጠፋ ሱቅ በር ላይ አቁሙት። ሙስጠፋ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሱ ዘመኑን አይቶ ወደ ስፖርት ልብስ ዞረ። ያን ሰሞን ከሱቁ በር በላይ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ፖስተር ሰቀለ። ፖስተሩ ላይ ያ ሯጭ አለ። ስሙን አልጠራም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አገር በሙሉ ከወንበሩ የሚነሳለት ሯጭ ነው ብላችሁ ያዙት። አረንጓዴ ቱታ ለብሷል፤ በጎኑ ቢጫ መስመር ወርዷል፤ ሁለቱም እግሮቹ መሬት አልነኩም። ዓይኑ ደግሞ እኔን ያያል። ወደ ግራ ብሄድ ያየኛል፣ ወደ ቀኝ ብሄድ ያየኛል።

"ምን ያዞርሃል? አትገባም እንዴ?" አለኝ ሙስጠፋ።

"ይሄ ልጅ ግን እውነት ይሄንን ቱታ ይለብሳል?"

"ታዲያ ራቁቱን ነው የሚሮጠው?"

ልብ አድርጉልኝ፣ ይሄ መልስ አይደለም። ፖስተሩ ላይ ያለው ቱታና መደርደሪያው ላይ ያለው ቱታ አንድ ናቸው ብሎ ማንም አልነገረኝም። ሙስጠፋ ብልጥ ነው፤ ሳይዋሽ ዋሽቶ ያስገዛል። የዚያን ዕለት ግን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህንንም ለራሴ እንደ ጀግንነት ቆጥሬው ነበር። በማግስቱ አስቴር ባታናግረኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ አይመጣም ነበር።

አስቴር እኛ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ትሠራለች። የሌለብኝን ራስ ምታት እየነገርኳት ነው የተዋወቅነው። በሽታ ሲያልቅብኝ እወድሻለሁ አልኳት፤ እሷም "እስከዛሬ የሸጥኩልህን ኪኒን ባትውጠው ነው የሚሻልህ" ብላ ሳቀች። ተዋደድን፤ ልንጋባ ተስማማን። የቀሩት አባቷ ናቸው።

አባቷ አቶ ባራሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነው የሚኖሩት። ከቤታቸው ጀርባ ሰፊ የእንሰት ማሳ አላቸው። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ ሰፈሩ ያከብራቸዋል፣ ይፈራቸዋልም። ከእኔ በፊት አስቴርን ብለው የመጡ ሽማግሌዎችን ሰምተው ሲያበቁ "በሰላም ግቡ" ብለው በሩን ዘግተዋል።

"አባቴ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ" አለችኝ አስቴር በማግስቱ። "እኔ ደግሞ ከአባቴ ቃል ወጥቼ አላገባም። ይሄን እወቅ።"

"ታዲያ እሳቸው ምን ይወዳሉ?"

"ጸሎት።"

"ሌላስ?"

"ሩጫ።"

"ይሮጣሉ?"

"አይሮጥም፣ ይሰማል እንጂ። ያ ሯጭ የሚወዳደር ቀን ሬዲዮኑን አቅፎ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም አይተነፍስም። ፎቶውን ከጋዜጣ ቆርጦ ሳሎን ለጥፎታል፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሱ ጎን።"

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። እግሬ ሙስጠፋ ሱቅ ደርሶ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። በእኛ ደንብ ሚስት የሚፈልግ ሰው ራሱ ሄዶ አይጠይቅም። ሽማግሌ ይልካል። እሱ እሺታ እስኪገኝ ድረስ በዚያ ሰፈር ጥላው እንኳ ከታየ ነውር ነው፤ አይን አውጣ ይባላል፣ ነገሩም ይበላሻል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ገብተው ቆመው ነው የሚጠይቁት። ተቀመጡ ቢባሉም "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ። አባት በመጨረሻ ልቡ ሲራራ "እሺ፣ አሁን ተቀመጡ" ካለ፣ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። መቀመጥ ማለት መሰጠት ነው።

ሙስጠፋ ይህንን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቃል። ቱታውን ስለካ ከላይ እስከታች አየኝና "አንተ ብቻህን ብትለብሰው ምን ይፈይዳል?" አለኝ። "አንተ አትሄድም። የሚሄዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው።"

ፖስተሩ ከላይ ያየናል።

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይስቅና ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን የሽማግሌዎቹን የሰውነት ልክ መገመት ጀመርኩ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ጋቢያቸው ያለ አንዲት እድፍ፣ ከዘራቸው የተወለወለ ነው። ሙስጠፋ ሱቅ ወስጄ ነገሩን ሳስረዳቸው ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ሽማግሌ በቱታ? ምን ነካህ አንተ ልጅ?"

"ጋሼ፣ ይግዙ አላልኩም፣ ለልክ ያህል ይሞክሩት" አለ ሙስጠፋ በለሰለሰ ድምፅ።

የዚህ ሰው ተንኮል እዚህ ላይ ነው። ግዙ ብሎ አያውቅም፣ ሞክሩ ነው የሚለው። መስታወቱን ደግሞ የሰቀለው ከሌላ የሯጩ ፖስተር ጎን ነው። ራስህን ልታይ ስትቆም ያ ሯጭ አጠገብህ ቆሞ ይታይሃል፤ አብራችሁ ያደጋችሁ ነው የሚመስልህ። ጋሽ ደምሴ ጃኬቱን ለበሱ፣ ዚፑን ሳቡ፣ መስታወቱን አዩ። ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ከዚያ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እዚያው ቆመው ዘለሉ።

"ጉልበቴ አልተንቋቋም" አሉ በመገረም።

ተንቋቋ። እኔ ሰምቻለሁ። ግን ዝም አልኩ።

"ደግሞም" አሉ፣ አሁን ድምፃቸው የክፍል ውስጥ ድምፅ ሆኗል፣ "አገር ያስከበረ ልብስ ነው። ከጋቢ በምን ያንሳል?"

ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ኸይረዲን ናቸው፣ ቤት አከራዬ። በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁ በመሆናቸው ሰፈሩ ሁሉ ይፈራቸዋል። እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውነት ያጋልጣል ወይ? "ሐጂ፣ ሙሉ እጅ፣ ሙሉ እግር፣ አንገት ድረስ ዚፕ! ወላሂ ከዚህ የሚሸፍን ልብስ የለኝም" አለ ሙስጠፋ። ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ለበሱት። ሦስተኛው አቶ ጴጥሮስ የቢሮአችን ሰው ናቸው፤ ተወላጅነታቸው ከዚያው ከቱላ ነው፣ አማርኛው ቢያጥረን በሲዳምኛ እንዲሞሉልን ነው የለመንናቸው። እሳቸው ያለ ክራቫት ከሰው ፊት ቆመው አያውቁም። ስለዚህ ክራቫት አስረው፣ ቱታውን ከላይ ደርበው፣ ክራቫቱ እንዲታይ ዚፑን እስከ ደረታቸው ብቻ ዘጉት።

ሦስቱ ተደርድረው ሲቆሙ እኔም ከእነሱ መለየት አልቻልኩም፤ አራተኛውን ቱታ ለበስኩ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ያለው ሰው ቱታ ለብሶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ደምቀን ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ነው። ሽማግሌዎቹን ባጃጅ ላይ አሳፍሬ፣ በእግዜር ስም ብዬ፣ ሸኘኋቸው። ጨርቁ ሲንቀሳቀሱ ይንሿሿል፤ ባጃጁ ሄዶም ድምፁ የቀረ ይመስላል። እኔ ወደ ቤቴ ገብቼ መጠበቅ ነበረብኝ። ገባሁም። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ውኃ ጠጣሁ። ሌላ ባጃጅ ላይ ወጣሁ።

አውቃለሁ፣ ነውር ነው። ግን እስቲ እናንተ ዕድላችሁ ቱላ ላይ እየተወሰነ ቤት ተቀመጡ። ከሩቅ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነው። በኋላ በኩል ዞሬ፣ ከእንሰቱ ማሳ ዳር ከአጥሩ ውጪ ተጎነበስኩ። የቱታውን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። አጥሩ ቀዳዳ አለው፤ ቤቱም በሩም በስተጎን ይታየኛል።

እዚህ ላይ አንድ ያላሰብነው ነገር ነበር። ዘመኑ የስብሰባ ዘመን ነው። ያኔ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሰዎች ተሰብስበው በርህን ካንኳኩ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ለስብሰባ ተፈልገሃል። ለበዓል ከሆነ አንድ ዓይነት ካኔተራ ነው፣ ለችግኝ ተከላ ከሆነ አንድ ዓይነት ኮፍያ ነው። አቶ ባራሳ ደግሞ የተከበሩ ሰው በመሆናቸው የማይመረጡበት ኮሚቴ አልነበረም። የውኃ ኮሚቴ፣ የመንገድ ኮሚቴ፣ የችግኝ ኮሚቴ። አንደኛው ስብሰባ ላይ ሌላውን ስብሰባ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። በመረራቸው ጊዜ፣ በዚያ ሳምንት፣ "ታምሜ ተኝቻለሁ" ብለው ላኩ።

ይህንን እኛ አላወቅንም።

ጋሽ ደምሴ በሩን አንኳኩ። በበሩ ስንጥቅ አንድ ዓይን ብቅ አለ። ዓይኑ ሦስት አረንጓዴ ቱታ አየ። ዓይኑ ጠፋ። ቆይቶ የአስቴር እናት በሩን ገርበብ አደረጉት።

"አቶ ባራሳ አሉ?"

"ታሟል። ተኝቷል። ከአልጋው መነሳት አቅቶታል።"

ይህንን ሲሉ ጋሽ ደምሴ ረጅም ናቸውና ከሴትየዋ ትከሻ በላይ አሻግረው አዩ። ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ሰውዬ የጓሮውን ቦይ እንደ ሚዳቋ ዘለው እንሰቱ ውስጥ ሲገቡ ታዩአቸው።

"አቶ ባራሳ!" ብለው ተጣሩ ጋሽ ደምሴ። "ቆዩን እንጂ! ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው!"

ከዚህ የባሰ ነገር መናገር አይቻልም ነበር። "ትልቅ ጉዳይ" የሚባለው ቃል ከስብሰባ በስተቀር ሌላ ቦታ አይነገርም። አቶ ባራሳ ፍጥነት ጨመሩ።

ይህን ጊዜ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ምን ማድረግ ነበረባቸው? ሰላም ብለው መመለስ። እነሱ ግን ተከተሏቸው። በኋላ ስጠይቃቸው ሦስቱም የመለሱልኝ አንድ ቃል ነው፤ "ቱታው ነው" አሉኝ። ጋሽ ደምሴማ "ጋቢ ለብሼ ቢሆን ኖሮ ቆሜ አዝን ነበር" ነው ያሉኝ። ካልጠገቡ አይዘሉም፣ ካልዘለሉ አይሰበሩም ይባላል። የእኛዎቹ በሯጭ ፎቶ ጠግበው ነበር።

እንሰቱ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። ቅጠሉ ይሰነጠቃል፣ የሐጂ ድምፅ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያለ ይቀርባል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው በአጥሩ ላይ ዘለለና አጠገቤ ዱብ አለ። ፊት ለፊት ተያየን። የወደፊት አማቴ ናቸው።

"እዚህም ከባችሁኛል?" አሉ።

ምን ልበል? ስሜን ልንገራቸው? ለልጅዎ የሚሆነው ሰው ነኝ፣ አጥር ሥር ተደብቄ ነው ልበል? እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ነገር ግን ከማሳው ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው። እኔ ከአቶ ባራሳ እሸሻለሁ፤ አቶ ባራሳ ከሽማግሌዎቹ ይሸሻሉ፤ ሁላችንም በአንድ ቀጭን መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ እንሮጣለን። ፊት እኔ፣ ቀጥለው አማቴ፣ ቀጥለው አቶ ጴጥሮስ ክራቫታቸው በትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ፣ ከዚያ ጋሽ ደምሴ፣ ከኋላ ሐጂ። አቶ ጴጥሮስ በሲዳምኛ "ለሰላም ነው!" ሊሉ ፈልገው ነበር፤ ትንፋሽ አጥሯቸው መሐል ላይ ስለሚቆርጡት ቃሉ ሁሉ ዛቻ ነው የሚመስለው።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ገበያ ነው። ገበያተኛው ግራና ቀኝ ቆሞ አየን። አንድ ዓይነት ቱታ የለበሱ ሰዎች፣ መሐል ላይ ደግሞ የቱላው የተከበሩ አቶ ባራሳ። ሰው ምን ይበል? ጭብጨባ ጀመረ።

"ምንድን ነው?" አለች አንዲት አቮካዶ የተሸከመች ሴት።

"የሽማግሌዎች ሩጫ ነዋ። ለወጣቱ አርአያ እንዲሆኑ ነው" አለ አንዱ፣ ሁሉን የሚያውቅ ሰው በየገበያው አይጠፋም።

"በርቱ! ሐጂ፣ አይዞዎት!"

"ውኃ ስጧቸው እንጂ!"

አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ አጠገቤ ይሄድ ጀመር። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ወንድሜ፣ እየደረሱብህ ነው" ይለኛል። ይሄኔ የቱታው የወገብ ገመድ ተፈታ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በአንድ እጄ ኮፍያዬን ይዤ ነው የምሮጠው። ኮፍያዬን ብለቀው ፊቴ ይታያል፣ ሚስቴን አጣለሁ። ሱሪዬን ብለቀው ደግሞ ምን እንደማጣ ለእናንተ አልነግርም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያ ሯጭ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ቢሮጥ አይቀድመኝም ነበር። በሕይወቴ አንደኛ የወጣሁበት ሩጫ ያ ብቻ ነው፤ እሱንም እጄን አንስቼ ልደሰትበት አልቻልኩም።

ባጃጁ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ፊት" አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማታ ከጋሽ ደምሴ ነው የሰማሁት። አቶ ባራሳ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ከመንገዱ ዳር አንድ ዛፍ ሥር ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ደረሱ ማለት እንኳ አይቻልም፤ እየወደቁ ነው የመጡት። አቶ ጴጥሮስ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ደምሴ አጠገባቸው ዛፉን ተደግፈው ተቀመጡ። ሐጂ ኸይረዲን በጀርባቸው ተጋደሙና ሰማይ ሰማይ አዩ።

"ወደ ስብሰባው አልሄድም" አሉ አቶ ባራሳ። "ውሰዱኝ ካላችሁም ተሸክማችሁ ውሰዱኝ።"

"የምን ስብሰባ?" አሉ ጋሽ ደምሴ እያለከለኩ። "እኛ… ለልጃችን… ልጅዎን… አስቴርን…"

አቶ ባራሳ ገባቸው። አንድ በአንድ አዩአቸው። ቱታውን አዩ፣ ክራቫቱን አዩ፣ የሐጂን ጉልበት አዩ፤ የሐጂ ሱሪ እዚያ ላይ ተተርትሮ ነበር።

"ሽማግሌ ናችሁ?"

"ነን።"

"ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። እናንተ ሳልፈቅድ ተቀምጣችኋል። እሳቸውማ ተኝተዋል።"

ሊነሱ ሞከሩ። ጋሽ ደምሴ እንደነገሩኝ ጭንቅላታቸው ተነስቷል፤ ጉልበታቸው ግን ከሥር አልሰማም። አቶ ባራሳ ትንሽ ጠብቀው "መቆም ስትችሉ ኑ" ብለው ሄዱ።

ይሄ እሺ ነው? እምቢ ነው? ማናችንም አላወቅንም። በሳምንቱ ውስጥ ፋርማሲው የጡንቻ ቅባት ጨረሰ፤ የምገዛው እኔ ነኝ፣ የምትሸጥልኝ አስቴር ናት። መጀመሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"አባቴ ስለ አንድ ሰው ይጠይቃል" አለችኝ። "ከፊት ኮፍያ አድርጎ ሲሮጥ ስለነበረው። ማነው ይላል። አላውቅም አልኩት። አንተ መሆንህን ካወቀ አለቀልን። ሙሽራ ራሱ በአጥር ሲያጮልቅ ተገኘ ብሎ አንድ ቃል አይሰማም።"

"ሽማግሌዎቹን አስጠነቅቃቸዋለሁ።"

"ሐጂንም?"

ሐጂ እንደማይዋሹ ሐዋሳ በሙሉ ያውቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስቱ በጋቢ፣ በቆዳ ጫማ፣ በከዘራ፣ ቀስ ብለው ሄዱ። እኔን ሙስጠፋ ሱቁ ውስጥ አስገብቶ በሩ ላይ ቁጭ አለብኝ። የሯጩ ፎቶ ያየኛል፣ እኔም አያለሁ። "ምነው ምክርህን ለራስህ ባደረግከው" እለዋለሁ በሆዴ። ሙስጠፋ ደግሞ ያን ሳምንት ፈገግታው አላማረኝም። ከፖስተሩ በታች በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ ሰቅሏል፤ "የቱላ ሽማግሌዎች የሮጡበት ቱታ እዚህ ይገኛል።" የገዢው ብዛት አይጣል ነው። ገዢው ሁሉ ደግሞ ጡረተኛ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲያንኳኩ በሩን የከፈቱት አቶ ባራሳ ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ደምሴ ከዘራቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። አቶ ባራሳ አረንጓዴ ቱታ ለብሰዋል፤ በጎኑ ቢጫ መስመር ወርዷል፤ ዚፑ እስከ አንገታቸው ተዘግቷል። ለካ ሐሙስ ዕለት አዲስ ከተማ ወርደው "እነዚያን ሽማግሌዎች ያሮጣቸውን ስጠኝ" ብለው ገዝተዋል። ሙስጠፋ አውቆ ዝም ብሎኝ ነው።

"ግቡ። ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ደምሴ። ቆሙ። የአስቴር እናት በጓዳ በኩል ቆመዋል፤ አስቴር ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

ጋሽ ደምሴ ያሳመሩትን ንግግር ጀመሩ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ሰው ያከብራል፣ ረጋ ያለ ነው… እዚህ ሲደርሱ አቶ ባራሳ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ። መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ቀን ከእናንተ ውስጥ ከፊቴ የነበረው ኮፍያ ያደረገው ማነው? በሬዲዮ ስሰማ የኖርኩትን ሩጫ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ላገኘው ብል ብል አልቻልኩም።"

ጋሽ ደምሴ ጣራውን አዩ። አቶ ጴጥሮስ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። አቶ ባራሳ ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ ኸይረዲን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ዋሽቼ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜ አልጀምርም" አሉ። "ልጅዎን የምንጠይቅለት እሱ ነው።"

አስቴር ያን ጊዜ መጋረጃውን እስኪቀደድ እንደጨበጠችው በኋላ ነግራኛለች። አቶ ባራሳ ጥቅሱን አዩ፣ ከጎኑ ያለውን የጋዜጣ ፎቶ አዩ።

"ደንቡ ይታወቃል" አሉ በመጨረሻ። "ሙሽራ ሳይፈቀድለት ወደ ልጅቷ ቤት ከመጣ ጠያቂው ይመለሳል።"

"እውነት ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ድምፃቸው ወረደ።

"እሱ ግን መጣ አይባልም" አሉ አቶ ባራሳ። "እኔ ያየሁት ሲሄድ ነው።"

ሱቁ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደምሴ ናቸው። ሙስጠፋ ነው ቁልፉን የተጫነልኝ።

"ጋሼ? ምን አሉ?"

ከወዲያኛው ወገን ሰው ሲያወራ፣ ሰሃን ሲቀርብ ይሰማል። ጋሽ ደምሴ በእርጋታ "ተቀምጠናል" አሉኝ።

ሙስጠፋን አቅፌ አነሳሁት። ከዚያ ፖስተሩን ልስመው ዘለልኩ፣ አልደረስኩም፣ መደርደሪያው ላይ ወደቅሁ። የወደቀብኝ ሁሉ ቱታ ነው።

ከዚያ ተጋባን። አማቴ ለሠርጉ ቱታ ካልለበስኩ ብለው የአስቴር እናት ናቸው በግድ ያስጣሏቸው። ችግሩ ከሠርጉ በኋላ ነው የመጣው። አቶ ባራሳ አንዴ "ያ ልጅ ሯጭ ነው" ብለው ስላመኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከቱላ ይመጣሉ። ከጉዱማሌ ሜዳ ተነስተን በሐይቁ ዳር እንሮጣለን። ማለቴ እሳቸው ይሮጣሉ፣ እኔ እከተላለሁ። በየመንገዱ አረንጓዴ ቱታ የለበሱ ጡረተኞች "በርታ" እያሉ ያልፉኛል።

ባለፈው ሐይቁ ዳር አረፍ ስንል ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ያን ቀን ከፊትዎ የነበርኩት እኔ መሆኔን ሐጂ ባይነግሩዎት አያውቁም ነበር?"

"አውቅ ነበር" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳይነቅሉ። "አጥሩን ስዘል ፊትህን አየሁት እኮ። አስቴር ፎቶህን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ደብቃ እናቷ አሳይታኛለች።"

"እና ያንን እያወቁ ነው ሐጂን የጠየቁት?"

"ሽማግሌዎችህ ይዋሹኝ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ነውር ሠርቼ እያዩኝ ለምን ሰጡኝ?"

አቶ ባራሳ የቱታቸውን ዚፕ ሳቡ።

"እኔን ሲያይ እንደዚያ የሮጠ ሰው" አሉ፣ "ልጄን ሊያስለቅስ አይደፍርም ብዬ ነው። በል ተነስ፣ ሰውነታችን ሳይቀዘቅዝ እንመለስ።"